ከፍትፍቱ ፊቱ
ደንበኛ በዝምታ ስለ መሄዱ ታሪክ የሚሰጠው ምስክርነት

«ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላሉ አበው። ፍትፍቱ የቱንም ያህል በቅቤ ቢርስ፣ አቅራቢው ፊቱን ካጠቆረ በእንግዳው ጉሮሮ አይወርድም ማለታቸው ነው። አባባሉ ለማዕድ የተነገረ ይሁን እንጂ ለሱቅም፣ ለጋራዥም፣ እኛ መሐንዲሶች ለምንከፍታቸው አነስተኛ ጽሕፈት ቤቶችም የሚሠራ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሁለት የትምህርት ጓደኞቼ ጋር በአዲስ አበባ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን የሕንፃ ንድፍና የመዋቅር ስሌት ሥራ ጀመርን። ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞቻችን አንዷ ዳቦ ቤት ያላቸው፣ በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ሴት ነበሩ። በዳቦ ቤታቸው ቦታ ላይ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ለማሠራት አስበው የመነሻውን ንድፍ ለእኛ ሰጡን። ሥራው በሙያ ረገድ የሚነቀፍ አልነበረም፤ ስሌቱ ተደጋግሞ ተመርምሯል፣ ሥዕሉም ንጹሕ ነበር። ይሁን እንጂ እሳቸው ሲደውሉ ስልኩን የሚያነሣ አልነበረም። «ማክሰኞ ይደርሳል» ያልነው ሥዕል ሐሙስም አልደረሰም። ስለ ደረጃው አቅጣጫ ሊጠይቁ በመጡ ጊዜም እኔ ራሴ ከወረቀቴ ቀና ሳልል «ሥዕሉ ላይ አለልዎ» ብዬ መለስሁላቸው። ሴትዮዋ አልተቆጡም። የቀረውን ሒሳብ እስከ መጨረሻዋ ሣንቲም ከፍለው፣ «እግዜር ይስጥልኝ ልጆቼ» ብለው ወጡ። እኛም ደስ ብሏቸው ከሄዱት ደንበኞች ጋር ቆጠርናቸው። ግንባታው ሲጀመር ግን በአጥሩ ላይ የተሰቀለው ታፔላ የሌላ ጽሕፈት ቤት ስም የያዘ ሆኖ አገኘሁት።

አነስተኛ ድርጅቶች ደንበኛ ለምን እንደሚያጡ ሲጠየቁ የሚሰጡት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የካፒታል ማነስ፣ የዋጋ ውድድር፣ የገበያ መቀዝቀዝ ነው። እነዚህ ሐሰት አይደሉም። ነገር ግን የንግድንና የቴክኒክን ታሪክ ስንመረምር ሌላ ምክንያት በተደጋጋሚ ይገኛል፤ ይኸውም ሻጩ የደንበኛውን ዝምታ እንደ እርካታ መቁጠሩ ነው። ደንበኛው ዝም የሚለው ብዙ ጊዜ መሄጃ ስለሌለው ነው። መሄጃ ያገኘ ዕለት፣ ወይም መሄጃውን በገዛ እጁ የሠራ ዕለት፣ ሳይሰናበት ይሄዳል። ለዚህም ሁለት የውጭ አገር ታሪኮችንና አንድ የራሳችንን ታሪክ በምስክርነት አቀርባለሁ።

የሮችዴል ሸማኔዎች

በእንግሊዝ አገር፣ ከማንቸስተር ከተማ በስተሰሜን፣ ሮችዴል የተባለች ከተማ አለች። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አብዛኛው ሕዝቧ የሚኖረው በሱፍና በጥጥ ጨርቅ ሥራ ነበር። በእንፋሎት ኃይል የሚንቀሳቀሱ መሸመኛዎች በተስፋፉ ቁጥር የእጅ ሸማኔው ገቢ እያሽቆለቆለ ሄደ። ሠራተኛው ደመወዙ ከሳምንት ሳምንት ስለማያደርሰው ከሰፈሩ ባለ ሱቅ በዱቤ ይወስዳል፤ ደመወዝ ሲቀበል የቆየውን ዕዳ ይከፍላል፤ ከፍሎም ባዶ እጁን ስለሚቀር እንደ ገና በዱቤ ይወስዳል። በአንዳንድ ሥፍራም አሠሪው ራሱ ሱቅ ከፍቶ በደመወዝ ፋንታ ዕቃ ይሰጥ ነበር። ይህን የመጨረሻውን ልማድ ፓርላማው እ.ኤ.አ. በ1831 ዓ.ም. በሕግ ቢከለክለውም ፈጽሞ አልጠፋም ነበር።

በዕዳ የታሰረ ገዥ ስለ ዕቃው ጥራት አፉን ሞልቶ መናገር አይችልም። ስለዚህም ያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ምግብን ከባዕድ ነገር ጋር ቀላቅሎ መሸጥ የተስፋፋበት ዘመን ሆነ። ዳቦው እንዲነጣ ሸብ ይጨመርበታል፤ ቡናው ከተቆላ የቺኮሪ ሥር ጋር ይፈጫል፤ ሻዩ የሌላ ተክል ቅጠል እየደረቀ ይደባለቅበታል። ፍሬድሪክ አኩም የተባለ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1820 ዓ.ም. ስለዚሁ ጉዳይ መጽሐፍ አሳትሞ ብዙ ሰው አስደንግጦ ነበር። አርተር ሂል ሐሳል የተባለ ሐኪም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1851 እስከ 1854 ዓ.ም. ከለንደን ሱቆች የተገዙ ምግቦችን በማይክሮስኮፕ እየመረመረ ውጤቱን «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ከነጋዴዎቹ ስምና አድራሻ ጋር አወጣው። ሕጉ ግን ቀስ ብሎ ነው የተከተለው። በዚህ ረገድ የመጀመሪያው አጠቃላይ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1860 ዓ.ም. ሲሆን፣ በእውነት ሊያሠራ የቻለው ግን የ1875ቱ ነው።

የሮችዴል ሰዎች ሕጉን አልጠበቁም። ከእነሱ መካከል 28 ሰዎች፣ ሸማኔዎችና ሌሎች የእጅ ሙያተኞች፣ በየሳምንቱ ጥቂት ሣንቲም እያዋጡ 28 ፓውንድ አጠራቀሙ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 1844 ዓ.ም. ምሽት ላይ ቶድ ሌን በተባለው መንገድ አንድ የመጋዘን ወለል ተከራይተው ሱቅ ከፈቱ። በመደርደሪያው ላይ የነበረው ጥቂት ቅቤ፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ የአጃ ዱቄትና ሻማ ብቻ ነበር። የመንደሩ ልጆች በመስኮቱ እያዩ ይሣለቁ ነበር። ከአካባቢው ነጋዴዎች አንዱም ይህን ሁሉ ዕቃ በአንድ የእጅ ጋሪ ጭኜ መሄድ እችላለሁ ብሎ ፎክሯል ተብሎ ይተረካል።

ያ ነጋዴ የቆጠረው ዕቃውን ነው፤ ያልቆጠረው ግን የሱቁን ደንብ ነበር። ዕቃው ያልተቀላቀለ፣ ሚዛኑም ሙሉ ይሆናል፤ እያንዳንዱ አባል ያለው ድርሻ ምንም ያህል ቢሆን ድምፁ አንድ ብቻ ነው፤ ሒሳቡ ለአባላት ይገለጻል፤ ትርፉም እያንዳንዱ በገዛው ዕቃ መጠን ይከፋፈላል። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ደግሞ እነዚህ ሰዎች ዱቤ አለመስጠታቸው ነው። በአገራችን ትናንሽ ሱቆች ግድግዳ ላይ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ እናያለን፤ የሮችዴል ሱቅ ግን ነገም አይሰጥም ነበር። በዚህ አንጻር ከታየ ለደንበኛው ከአሮጌዎቹ ሱቆች ይልቅ ጥብቅ ነበር። ሰዉ ግን እየመጣ ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1850 ዓ.ም. 600 የነበሩት አባላት በ1860 ዓ.ም. ወደ 3,450 ደረሱ። በ1863 ዓ.ም. በሰሜን እንግሊዝ ያሉ እንዲህ ያሉ ማኅበራት ተባብረው የራሳቸውን የጅምላ ንግድ ድርጅት አቋቋሙ።

ከዚህ የምንማረው መልካም መስተንግዶ ማለት ማሞካሸትና ማባበል አለመሆኑን ነው። የሮችዴል ባለ ሱቆች ምናልባት ፈገግታ አላጡም ይሆናል፤ ዱቤም ይሰጡ ነበር። ያጡት መታመንን ነው። ገዥው ለዓመታት ወደ ደጃቸው ሲመላለስ ስላዩት ደንበኛችን ነው ብለው አምነው ነበር፤ እሱን ግን ያመላለሰው ዕዳው እንጂ ፍቅሩ አልነበረም።

የማዞሪያው ልጆችና የቀብር አስፈጻሚው

ሁለተኛው ታሪክ ከሮችዴል ባሕር ተሻግሮ በአሜሪካ የሚገኝ፣ ለእኛም ሙያ የቀረበ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ቅር የተሰኘ ደንበኛ መሣሪያ ሲፈጥር የሚያሳይ ነውና።

ለሕዝብ አገልግሎት የመጀመሪያው የንግድ ስልክ ማዞሪያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በጥር 1878 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በኒው ሄቨን ከተማ ሲሆን፣ የነበሩት ደንበኞች 21 ብቻ ነበሩ። በዚያ ዘመን ደዋዩ ማዞሪያውን ይጠራል፤ በማዞሪያው ያለው ሠራተኛም የሚፈለገውን ሰው መስመር በእጁ ያገናኛል። ድርጅቶቹ በመጀመሪያ ለዚህ ሥራ የቀጠሩት ቀደም ሲል በቴሌግራፍ ቤት ይላላኩ የነበሩ ወጣት ወንዶች ልጆችን ነው። ልጆቹ ፈጣኖች ቢሆኑም ትዕግሥት የላቸውም። እርስ በርሳቸው ይጫወታሉ፤ ደንበኛውን ይሰድባሉ፤ አንዳንዴም ለቀልድ ሲሉ ሆን ብለው መስመር ያሳስታሉ። በቦስተን የነበረው የስልክ ድርጅት ይህን አይቶ እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 1878 ዓ.ም. ኤማ ነት የተባለችውን ሴት ቀጠረ። በሙያው የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ነች። የድምፅዋ ለስላሳነትና ትዕግሥቷ ደንበኛውን ስላስደሰተ ሌሎች ድርጅቶችም ይህንኑ ተከተሉ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ወንዶቹ ልጆች ከማዞሪያው ፊት ጠፉ። እንግዲህ በስልክ ታሪክ መጀመሪያ ላይ አንድ የሠራተኛ ወገን በሙሉ ሥራውን ያጣው በቴክኒክ ጉድለት ሳይሆን በአፉ ምክንያት ነው።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። አልሞን ስትሮጀር የተባለ፣ በ1839 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር የተወለደ ሰው ነበር። በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ዘምቷል፤ በመምህርነትም ሠርቷል፤ በመጨረሻም ካንሳስ ሲቲ በተባለችው ከተማ በቀብር አስፈጻሚነት ይተዳደር ጀመር። ሥራው በስልክ ላይ የተመሠረተ ነበር። ሰው ሲሞትበት ዘመድ ለማዞሪያው ደውሎ የቀብር አስፈጻሚ እንዲያገናኙት ይጠይቃል፤ መጀመሪያ የተገናኘው ሥራውን ያገኛል። ስትሮጀር ደንበኞቹ እየቀነሱ መምጣታቸውን ባየ ጊዜ የማዞሪያዋ ሠራተኛ ጥሪዎቹን ወደ ተፎካካሪው ትመራብኛለች ብሎ ጠረጠረ። ሠራተኛዋ የተፎካካሪው ዘመድ ነበረች የሚልም ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል።

በሌላ በኩል ደግሞ ከስልክ ድርጅቱ ወገን የተሰጠ ምስክርነት አለ። በዚህ መሠረት ችግሩ የተንኮል አልነበረም፤ በስትሮጀር ቤት ደጃፍ የተሰቀለው የብረት ማስታወቂያ ነፋስ ሲያወዛውዘው ከስልኩ ሽቦ ጋር እየተነካካ መስመሩን ያበላሽ ነበር ይባላል። ለእኔ ዋናው ቁም ነገር የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ከሁለቱ የቱም እውነት ቢሆን ስትሮጀር የደረሰበት መደምደሚያ አንድ ነው። ቅሬታውን ተቀብሎ ቶሎ የመረመረለትና በሚገባው ቋንቋ ምክንያቱን ያስረዳው ሰው ስላላገኘ የጉድለቱን ባዶ ቦታ በጥርጣሬ ሞላው። ወደ ሌላ የስልክ ድርጅት ልሂድ እንዳይል ደግሞ የቤል ኩባንያ ዋና ዋና የፈጠራ መብቶች ዘመናቸው ገና አላለፈም ነበር፤ እነሱ ያለፉት እ.ኤ.አ. በ1893 እና በ1894 ዓ.ም. ነው።

መሄጃ ያጣው ደንበኛ መሄጃውን ሠራ። የመጀመሪያውን ሐሳቡን በክብ የሸሚዝ ኮሌታ ሣጥን ላይ መርፌዎችን በረድፍ እየተከለ እንዳቀናበረው ይተረካል። የመሣሪያው አሠራር፣ በኋላ በታወቀው መልኩ፣ ለማንኛውም መሐንዲስ ግልጽ ነው። አንድ ዘንግ በኤሌክትሮማግኔት ኃይል ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያም በደረሰበት ረድፍ ላይ ደረጃ በደረጃ ይዞራል። አሥር ረድፍ፣ በእያንዳንዱም አሥር መገናኛ ሲኖር፣ አንድ ደዋይ ማንንም ሳይለምን ከ100 መስመሮች አንዱን ራሱ ይመርጣል። የፈጠራ መብቱን ማረጋገጫ እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 1891 ዓ.ም. አገኘ፤ በዚያው ዓመትም ኩባንያ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 3 ቀን 1892 ዓ.ም. በኢንዲያና ክፍለ ሀገር፣ ላ ፖርት በተባለች ከተማ የመጀመሪያው አውቶማቲክ የስልክ ማዞሪያ ለሕዝብ ተከፈተ። ከእኛ መካከል ዕድሜ የጠገቡት የሚያስታውሱት፣ ቁጥሩ በጣት የሚሽከረከረው ስልክም የመጣው የስትሮጀር ባልደረቦች እ.ኤ.አ. በ1896 ዓ.ም. ካቀዱት መሣሪያ ነው።

ታላቁ የቤል ድርጅት ለብዙ ዓመታት በእጅ የሚሠራውን ማዞሪያ ሙጥኝ ብሎ ቆየ፤ የራሱን የመጀመሪያ ታላቅ አውቶማቲክ ማዞሪያ በኖርፎክ ከተማ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1919 ዓ.ም. ነው። በብሪታንያ የስትሮጀር ዓይነት ማዞሪያ የመጨረሻው የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. ነበር። ስትሮጀር ራሱ ግን ድርሻውን አስቀድሞ ሸጦ ከሥራው ወጣ፤ በ1902 ዓ.ም. በፍሎሪዳ ሞተ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት አውቶማቲኩ ማዞሪያ ሥራ ያሳጣቸው ሴቶች እጅግ ብዙ ናቸው። አብዛኞቹም በትጋትና በትሕትና ያገለገሉ ነበሩ። መሣሪያው ከተማዎች በሰፉ ቁጥር ምንጊዜም መምጣቱ አይቀርም ይሆናል። ይሁንና የመጀመሪያው ግፊት የመጣው በአንዲት ከተማ፣ በአንድ ማዞሪያ፣ መልስ ካላገኘ የአንድ ሰው ቅሬታ ነው። የአንዱ ጉድለት የሙያውን ሁሉ ስም እንደሚነካ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

በእኛ አገር

ፊታችንን ወደ አገራችን ስንመልስ በመጀመሪያ የምናገኘው ራሱን ቃሉን ነው። በገበያችን ሻጩ ገዥውን «ደንበኛዬ» ይለዋል፤ ገዥውም ሻጩን «ደንበኛዬ» ይለዋል። ቃሉ ሁለቱንም እኩል ያስራል። እህል ስትሰፍር የዋለች ሴት ቁናውን ከሞላች በኋላ «መርቂልኝ» ስትባል በእፍኟ ትጨምራለች። ያች ምርቃት በሚዛን ብትታይ ከቁም ነገር የምትገባ አይደለችም። ነገር ግን ልኩ እንዳልጎደለ ለገዥው የምታረጋግጥለት ምስክር ነች። የሮችዴል ሰዎች በደንብ የጻፉትን የእኛ ገበያ በእፍኝ ያውቀው ነበር።

አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ ንግዷ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ደመቀ፤ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ገበያው ወደ ምዕራብ ተዛውሮ ዛሬ መርካቶ የምንለው ሥፍራ ተስፋፋ። የየሰፈሩን ችርቻሮ ለብዙ ጊዜ የያዙት ከየመን የመጡ ዓረቦች ስለ ነበሩ የማዕዘን ሱቅ «ዓረብ ቤት» እስከ መባል ደርሷል። ቀስ በቀስም የጉራጌና የሌሎች ብሔረሰቦች ነጋዴዎች ሱቁን ወረሱት። እነዚህ ትናንሽ ሱቆች የሰፈሩን ሰው በስም ያውቁ ነበር፤ ማን በወር እንደሚከፍል፣ ማን ሕፃን እንደ ወለደች ያውቁ ነበር። ሁሉም ቅን ነበሩ ማለቴ አይደለም፤ ሚዛን ያጎድል የነበረም አይታጣም። ግን ገዥው ከቅር ከተሰኘበት ሱቅ ወደሚቀጥለው ለመሄድ መንገዱን መሻገር ብቻ ይበቃው ነበር።

በ1967 ዓ.ም. ሁኔታው ተለወጠ። ታላላቅ የንግድ ድርጅቶች የመንግሥት ሆኑ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 47 ወጥቶ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት በየቀበሌው ተደራጁ። በቀበሌዎቹ ሥርም ብዙዎቻችን ከወላጆቻችን ወሬ የምናውቃቸው የኅብረት ሱቆች ተከፈቱ። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙናና ሌላም ዕቃ በራሽን ይታደልባቸው ነበር። ለእነዚህ ሱቆች የሚገባቸውን ፍርድ መስጠት ተገቢ ነው፤ ዕቃ በጠፋበትና ዋጋ በናረበት ዘመን ድኻው በተመጠነ ዋጋ እንዲያገኝ ረድተዋል። ሐሳቡም በመሠረቱ የሮችዴል ሐሳብ ነው፤ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሕግ ወደ አገራችን የገባውም ቀደም ብሎ በ1950ዎቹ ነበር።

ልዩነቱ የት ላይ ነው ቢባል፣ የሮችዴልን ሱቅ ደንበኛው ራሱ መሠረተው፤ የእኛው የኅብረት ሱቅ ግን ለደንበኛው ተመሠረተለት። እናቴ ሌሊት ተነሥታ፣ ወረፋ እንዳያልፋት ዘንቢሏን አስቀምጣ፣ ሱቁ እስኪከፈት ትጠብቅ እንደ ነበር ታወጋናለች። ሱቁ ሲከፈት «ስኳር አልቋል» ቢባል «ለምን አለቀ?» ብሎ መጠየቅ ክብርን ማዋረድ ነበር። «ዛሬ ስኳሩ እንኳ ቢቀር፣ ሰውዬው ቀና ብሎ ቢያየን ምን ነበረበት!» እያልን እንመለስ ነበር ትላለች። ይህች ቃል የመላው ሱቅ ፍርድ ነች። ሻጩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደመወዙ ገዥው ቢመጣም ባይመጣም አይለወጥም፤ ገዥውም ሌላ መሄጃ የለውም። በዚህ ዓይነት አቋም ላይ የተቀመጠ ማንኛውም ሰው ቀና ብሎ ማየትን ቀስ በቀስ ይረሳል።

በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ ታወጀ፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ። የግል ሱቁ እንደ ገና ሲከፈት ሰው ወደዚያው ጎረፈ፤ አብዛኞቹ የኅብረት ሱቆችም ወና ሆኑ። ያን ጊዜ ማንም ሰልፍ ወጥቶ አልተቃወማቸውም፤ ማንም የቅሬታ ደብዳቤ አልጻፈላቸውም። ወረፋው በአንድ ጊዜ ጠፋ፤ በቃ። በ1991 ዓ.ም. የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ከወጣ በኋላ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረቱ የሸማቾች ማኅበራት እንደ አዲስ መቋቋማቸው ሐሳቡ እንዳልሞተ ያሳያል። የሞተው ደንበኛ የማይሄድ መስሎት የነበረው አሠራር ነው።

ስንጥቅና ስብራት

ከእኛ መካከል የመዋቅር ሥራ የሚሠሩ ባልደረቦቼ አንድ ነገር ያውቃሉ። የአርማታ ቢም ስናሰላ በውስጡ የምናስገባው ፌሮ ከልክ እንዳያልፍ እንጠነቀቃለን። ፌሮው በልኩ የሆነ ቢም ጭነት ሲበዛበት አስቀድሞ ይጎብጣል፤ ከሥሩ ስንጥቅ ያሳያል፤ በሥሩ ያለ ሰው አይቶ ይሸሻል፤ መሐንዲሱም ይደግፈዋል። ፌሮ የበዛበት ቢም ግን ጠንካራ መስሎ ቆይቶ፣ ምልክት ሳይሰጥ፣ ኮንክሪቱ በድንገት ይደቅና ይወድቃል። ስለዚህ ስንጥቅን የምንፈራው ቢሆንም ስንጥቅ ወዳጃችን ነው፤ ጊዜ ይሰጠናልና።

የደንበኛ ቅሬታም እንዲሁ ነው። ቅሬታ የሚያቀርብ ደንበኛ ገና አልሄደም፤ እንድናስተካክል ጊዜ እየሰጠን ነው። የሚያስፈራው ያ ምንም ሳይናገር ሒሳቡን ከፍሎ የሚወጣው ነው። የሮችዴል ባለ ሱቆች በዱቤ፣ የስልክ ድርጅቱ በፈጠራ መብት፣ የኅብረት ሱቁ በራሽን፣ ሁሉም ደንበኛውን ከልክ በላይ አስረውት ነበር። ይህ ማሰሪያ በውጭ ሲታይ ጥንካሬ ይመስላል፤ በውስጡ ግን ስንጥቅ እንዳይታይ ይከለክላል። በመጨረሻም የኅብረት ሱቁ አወዳደቅ ድንገተኛ ሆነ።

የእኛ አነስተኛ ጽሕፈት ቤቶችም ደንበኛን የሚያስሩበት ገመድ አላቸው። ንድፉ ከተጀመረ በኋላ ባለ ንብረቱ ወደ ሌላ መሐንዲስ ቢሄድ ጊዜና ገንዘብ ይከስራል፤ የሙያውን ቋንቋ ስለማያውቅም ትክክል መሆናችንንና መሳሳታችንን ለይቶ ሊከራከረን አይችልም። በዚህ ጊዜ ዝም ቢል መርካቱ ነው ብለን የምንደመድም ከሆነ፣ ያ በእጅ ጋሪ ሊጭናቸው ከፎከረው ነጋዴ አልተሻልንም። ስለዚህ ደንበኛው በሚገባው ቃል ማስረዳት፣ ስንዘገይ ከመጠየቃችን በፊት ራሳችን ደውለን መንገር፣ ስሕተት ሲገኝም በማን እንደ ደረሰ ሳንሸሽግ መናገር ከስሌቱና ከሥዕሉ ጋር እኩል የሙያው ግዴታ ነው እላለሁ። ለዚህ ካፒታል አያስፈልግም፤ ቀና ማለት ብቻ ይበቃል።

ባለ ዳቦ ቤቷን ሴት በኋላ አግኝቻቸዋለሁ። አንድ ቀን ዳቦ ልገዛ ገብቼ አወቁኝ፤ እንደ ልማዳቸውም በደግ ፊት ተቀበሉኝ። ሕንፃው አልቆ በላዩ ሰዎች ይወጡና ይወርዱ ነበር። አፍሬ ስቆይ ቆይቼ፣ «እትዬ፣ ሥራችን ምን ጎድሎበት ነው ወደ ሌላ የሄዱት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ዳቦውን በወረቀት እየጠቀለሉ፣ «ሥራችሁንስ አልጠላሁትም ልጄ፤ ደጃችሁን ነው የፈራሁት» አሉኝ። ሒሳቤን ተቀብለው መልሱን ሲሰጡኝም ከገዛሁት በላይ አንዲት ትንሽ ዳቦ ጨመሩልኝ። ምርቃት ነበረች።

ከዚያ ወዲህ በጽሕፈት ቤታችን ስልክ ሲጠራ በቅርብ ያለው ያነሣል፤ የመጣ ሰውም ሲጠይቀን ከወረቀታችን ቀና እንላለን። የተመለሱልንም፣ አዲስ የመጡልንም ደንበኞች አሉ። እሳቸው ግን አልተመለሱም።